በዓለሜ እጅ የተሠራ

ሐመልማል ትሠራበት የነበረው ማተሚያ ቤት ተዘግቶ ቤት የዋለች ሰሞን፣ የምትሠራው ብታጣ እናቷን በስልኳ መቅረጽ ጀመረች።

እናቷ ማሚቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ከቀጨኔ መድኃኔዓለም በላይ፣ ዳገቱ ላይ ያለው ግቢያቸው ጠባብ ነው፤ ግማሹን የአፈር ክምርና ሊደርቅ የተደረደረ ድስት ይዞታል። ማሚቴ ጭቃውን ጉቶ ላይ ታስቀምጥና ራሷ ዙሪያውን እየዞረች ነው የምትሠራው። አንድ እጇን ከውስጥ፣ አንድ እጇን ከውጭ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ የኋሊት ስትራመድ፣ ጭቃው በጣቶቿ መሃል እየሳሳ ወደ ላይ ይወጣል። ከንፈሯ የሆነ ነገር እንደሚያወራ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አይወጣውም። ሐመልማል ይህን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ስታየው ኖራለች። በስልኩ ውስጥ ስታየው ግን ያን ቀን ገና ያየችው መሰላት።

እሷ ራሷ ድስት መሥራት አትችልም። ማሚቴ አላስተማረቻትም። ልጅ ሆና ወደ ጭቃው ስትጠጋ «ተይ! እጅሽን ታጠቢና ደብተርሽን ያዢ» ነበር የምትባለው። የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆን ምን እንደሚያስከትል ማሚቴ ታውቃለች። በእሷ ጊዜ የቀጨኔ ባለ እጅ ሁሉ ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ በዓይኑ ይበላል እየተባለ ልጅ ይሸሸግበት ነበር። ስለዚህ ሐመልማልን ማንም የማያውቃቸው ሰፈር ወስዳ ትምህርት ቤት አስገባቻት። የወላጆች ቀን ሲደርስ አክስቷን ትልክ ነበር እንጂ እሷ አንድም ጊዜ ሄዳ አታውቅም። ሐመልማል ተምራ ቢሮ የገባች ዓመት ማሚቴ የተሳለችውን ጥላ ለመድኃኔዓለም አስገባች።

ሐመልማል ቪዲዮውን የጫነችው «እልፍኝ» ላይ ነው። እልፍኝ የቤት ዕቃ የሚሸጥበት የስልክ መተግበሪያ ነው። ሻጩ ዕቃውን በአጭር ቪዲዮ ያሳያል፣ ገዢው እዚያው ያዛል፣ ሞተረኛ ወስዶ ያደርስለታል። ገዢ ደስ ካለው ኮከብ ይሰጣል። ኮከብና ተመልካች የበዛለት ሻጭ ከላይ ይታያል፤ ያነሰው ማንም የማያየው ታች ድረስ ይወርዳል። ሐመልማል ገጹን «የማሚቴ ሸክላ» ብላ ሰየመችው።

ሰው ወደደው። ከቦሌ፣ ከሰሚት፣ ከአያት ትእዛዝ መጣ። በማተሚያ ቤቱ አብሯት ይሠራ የነበረ፣ ፎቶ የሚያውቅ ያዕቆብ የሚባል ልጅ ገባበትና ሁለቱ ሥራውን ያዙት። እሱ ይቀርጻል፣ እሷ ከገዢ ጋር ትነጋገራለች፣ ማሚቴ ትሠራለች።

በዚያ ዓመት ማሚቴን ያያት ሰው ሁሉ ወጣት ሆነች ይል ነበር። ለቀረጻ ብላ ጥልፍ ያለው ቀሚስ አሰፋች። ጭቃ ሥራ በነጭ ቀሚስ ይሆናል ወይ ቢሏት «እነሱ እያዩኝ አይደል?» ትላለች። እራት ሲቀርብ «እስኪ ዛሬስ ምን አሉ?» ብላ ልጇን ታስነብባታለች። ሐመልማልም ታነብላታለች፦

«‹እናታችን እጅዎ ይባረክ› ይላል አንዱ። ‹እኔ እንዲህ ያለ ጥበብ አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም ነበር› ትላለች ሌላዋ።»

«ቆይ፣ እሱን ድገሚልኝ፤ እጅዎ ይባረክ ነው ያለው?»

«አዎ እማ።»

ማሚቴ እጆቿን አገላብጣ ታያቸዋለች። «ይኼን እጅ» ትላለች።

ስልኩ ጠዋት ጠዋት ምክር ይልክ ነበር። በዚህ ሳምንት ነጭ የአበባ ማስቀመጫ በብዛት ተፈልጓል ይላል። ዕቃ ለማድረስ የሚዘገዩ ሻጮች ዝቅ ብለው ይታያሉ ይላል። ሐመልማል መጀመሪያ ምክሩን እያየች ታልፈው ነበር፤ ሳትከተለው በቀረችበት ሳምንት ግን ገጻቸው ወደ ታች ሲወርድ ታያለች። እየዋለ እያደረ ማሚቴ ምን እንደምትሠራ የሚወስነው ያ ምክር ሆነ።

«ድስት እናቁም እማ» አለቻት አንድ ቀን።

«ድስት? ለምን?»

«ይከብዳል። ሞተር ላይ ይሰበራል። በተሰበረ ቁጥር ደግሞ ኮከብ ይቀንሱብናል። የአበባ ማስቀመጫ ነው የሚፈለገው።»

«ማን አለ?»

«እልፍኝ።»

«ሰውዬው ከድስት አይበላም?»

ሐመልማል ሳቀች። «ሰውዬ አይደለም እኮ። ኮምፒውተር ነው። ሰው የሚፈልገውን አይቶ ይነግረናል።»

«እንዴት ነው ታዲያ እኔን ያላየኝ?» አለች ማሚቴ፤ እሷም ግን እየሳቀች ነበር። ድስቱን ተወችው። ቀጥሎ ገንቦው ቀረ፣ ከዚያ ምጣዱ። አንዲት ገዢ ማስቀመጫው ላይ እሳት የተወውን ጥቁር ምልክት አይታ «ቆሽሾ ነው የመጣልኝ» ብላ አንድ ኮከብ ስለሰጠች፣ ከዚያ ወዲህ ዕቃው ሁሉ ነጭ ቀለም እየተቀባ መውጣት ጀመረ። ማሚቴ ቀለሙን አትወደውም። «እሳት ያልነካው አስመሰላችሁት» ትላለች። ቢሆንም ሰው እየገዛው ነው፤ ምን ትበል።

የጎዳት የማቃጠሉ ነገር ነው። የሰፈሩ ሸክላ ሠሪዎች ዕቃቸውን የሚያቃጥሉት በአንድ ላይ ነበር። ሴቶቹ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠላቸውን አዋጥተው፣ ከቤቶቹ ጀርባ ባለችው ሜዳ እሳቱ እስኪበርድ አብረው ይቀመጣሉ። የሚታማው የሚታማው፣ የሚለቀሰው የሚለቀሰው ያኔ ነው። እልፍኝ ግን የሴቶቹን ቀን አይጠብቅም። ሐመልማል ሽሮ ሜዳ በኩል የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ወርክሾፕ አገኘችና ዕቃውን በታክሲ እያመላለሰች እዚያ ታስቃጥለው ጀመር። የማሚቴ የልጅነት ጓደኛ ደሳለች አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ማሚቴ፣ ትልቅ ሰው ሆንሽና ጭሳችን ሸተተሽ?» አለቻት። ቀልድ ነበር። ማሚቴ ግን ያን ቀን ምሳዋን ሳትጨርስ ቀረች።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ቪዲዮ ነው። ያዕቆብ እየቀረጸ «እማማ፣ ከማን ተማሩት?» ብሎ ጠየቃት። ማሚቴም ጎንበስ እንዳለች «ከእናቴ። እናቴ ከእናቷ። እዚሁ ቀጨኔ ነው የተወለድነው፣ ሁላችንም» አለች። ደስ የሚል ቪዲዮ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ቀና ብላ ፈገግ ትላለች። ከሁሉም በላይ የታየው እሱ ሆነ።

ከሥሩ የተጻፈውን ሐመልማል ያነበበችው ታክሲ ውስጥ ሆና ነው። «ቀጨኔ? በሉ እንግዲህ ልጆቻችሁን ሰብስቡ» ይላል አንዱ፣ ከሳቅ ምልክት ጋር። «የነሱን ዕቃ ቤቴ አላስገባም» ይላል ሌላው። ያቺ የድሮዋ ቃልም አለች፤ ከላይ እስከ ታች ተደጋግማለች። የሚከራከሩላቸውም ነበሩ። «በዚህ ዘመን አታፍሩም?» የሚሉ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ግን ሰዎቹ በተከራከሩ ቁጥር እልፍኝ ቪዲዮውን ላልደረሰው ሰው ያደርሰዋል፤ ሰው የሚነጋገርበትን ነገር ይወዳልና። በማግስቱ ገዝተው የማያውቁ ሰዎች አንድ አንድ ኮከብ ሰጧቸው። የታዘዘ ዕቃ ተሰረዘ። ሐመልማል ለእልፍኝ ጻፈች። «ቅሬታዎ ደርሶናል። ስለመረጡን እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣላት። ደግማ ጻፈች። ያው መልስ መጣ።

በዚያን ቀን እራት ላይ ማሚቴ እንደ ልማዷ «እስኪ ዛሬስ ምን አሉ?» አለች።

ሐመልማል ስልኳን ከፈተች። ዓይኗ ያረፈበትን ሁሉ ማንበብ አልቻለችም። «‹እናታችን፣ ፈገግታዎ ያምራል› ይላል» አለች። የትም ያልተጻፈ ነበር።

«ውሸታም!» አለች ማሚቴ ደስ ብሏት። «ጥርስ የሌለው ፈገግታ!»

ከዚያ ወዲህ ሐመልማል ማታ ማታ እየፈጠረች ማንበብ ጀመረች።

ያዕቆብ ሳምንቱን ሙሉ ሲያሰላ ሰንብቶ መጣ። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ማሚቴን «እማማ» ብሎ ሲጠራ ከልቡ ነው። ግን ስልኩ የሚያሳየውን ካየ ሌላ ነገር አይታየውም።

«ስሚኝ» አላት፣ ከግቢው ውጭ አስቀርቷት። «እናትሽ ያለችበትን ቪዲዮ ሰው ያያል፣ አይገዛም። ዕቃው ብቻውን ያለበትን ደግሞ የሚያየው የለም። ሰው ያስፈልገናል፤ ግን... እ... ማለቴ ሌላ ሰው።»

«ምን ዓይነት ሌላ ሰው?»

«አዲሱ ገበያ ፀጉር ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። ዓለሜ ትባላለች። እጇ ያምራል፣ ካሜራ አትፈራም። ጭቃውን ይዛ ትታያለች፣ በቃ። ሠሪዋ ያው እናትሽ ናት። የገጹን ስም ደግሞ እንቀይረውና ቀጨኔ የሚለውን እናውጣው።»

«እናቴን ከራሷ ሥራ ላውጣት?»

«ከስድቡ ነው የምታወጫት» አለ ያዕቆብ።

ሐመልማል እምቢ አለች። ገጹ ግን በየቀኑ ይወርድ ነበር። የተሠራው ማስቀመጫ ግቢውን ሞልቶ ለመራመጃ ቦታ ጠፋ። ማሚቴ በዕቃዎቹ መሃል እየተሽሎከለከለች «ሞተረኛው ምን ነካው? ታመመ እንዴ?» ትላለች። ሐመልማል እናቷ እውነቱን ከምትሰማ ምንም ይሁን አለች። ለያዕቆብ ደወለችና «እሺ» አለችው።

ዓለሜን የቀረጿት ቁስቋም ነው፣ ከእንጦጦ ዛፎች ሥር። ከማሚቴ ግቢ ያልደረቁ ማስቀመጫዎች በላዳ ተጭነው ሄዱ። ዓለሜ የተሰጣትን ሽርጥ አሠረች፣ እጇን ውኃ ነከረችና ተሠርቶ ያለቀውን ጭቃ ዳሰሰችው። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው። «እንዲህ ነው? ልዙር?» እያለች ትጠይቃለች። ሐመልማል ልጅቱን ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን ወደ ከተማው አዞረች። ገጹ «እንጦጦ ሸክላ» ተባለ። በያንዳንዱ ዕቃ ሥር «በዓለሜ እጅ የተሠራ» ተብሎ ተጻፈ።

ወዲያው ወደ ላይ ወጡ። ሞተረኛው ተመልሶ መጣ። ማሚቴ «ተመስገን፣ ዳነ ማለት ነው» አለች።

ጥልፍ ያለው ቀሚስ ታጥቦ ተተኩሶ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ብዙ ጊዜ ቆየ። አንድ ጠዋት ለብሳው ወጣችና ጭቃዋ አጠገብ ቆመች።

«ያዕቆብ ዛሬም አይመጣም?»

«ካሜራው ተበላሽቶበታል እማ።»

«በስልክሽ አይሆንም?»

«የኔም ሞልቷል።»

«ከሞላ ምን ይደረጋል» አለች ማሚቴ። ገብታ ቀሚሱን አወለቀችና የሥራ ልብሷን ለብሳ ወጣች።

ከዕለታት አንድ ቀን ሐመልማል ሽሮ ሜዳ ሄዳ ሳለ፣ አንዲት የደስ ደስ ያላት ሴት በሩን አንኳኳች። የመረከቢያውን ቦታ የሚያሳየው ካርታ መርቷት ነው የመጣችው። መኪናዋን ታች አቁማ ዳገቱን በእግሯ ስለወጣች ታለከልካለች።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ እንጦጦ ሸክላ እዚህ ነው?»

«የለም ልጄ፣ ይኼ የማሚቴ ሸክላ ነው። አረፍ በዪ፣ ደክሞሻል።»

ሴትዮዋ ግቢውን ስታይ ነጩን ማስቀመጫ አየችው። «እንዴ! ያዘዝኩት ይኸው ነው እኮ!» ብላ ስልኳን ከፍታ አሳየቻት።

ማሚቴ ስልኩን ተቀብላ ራቅ አድርጋ ያዘችው። ሽርጥ ያሠረች ቆንጆ ልጅ በዛፍ ሥር ማስቀመጫ ትዳስሳለች። ማስቀመጫውን ማሚቴ ወዲያው አወቀችው። አንገቱ ትንሽ ዘመም ብሎ ስለነበር ልትጥለው ስትል ሐመልማል «ለፎቶ ይሆናል» ብላ የወሰደችው ነው።

«ይቺ ማናት?» አለች።

«ዓለሜ ናታ! ሠሪዋ። አያውቋትም? እርስዎ እዚህ... የሚያግዟት ነዎት?»

ማሚቴ ስልኩን መለሰችላት።

ሴትዮዋ ሳቅ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አይክፋዎትና ካርታው ወደዚህ ሲያመጣኝ ደንግጬ ነበር። ቀጨኔ ሲለኝ እኮ... እኔ እንኳ በዚህ አላምንም። እናቴ ናት። ሕፃን ስላለን የዚህ ሰፈር ዕቃ ቤት አይገባም ትላለች። እንጦጦ ነው ስለተባለ ነው እሺ ያለችኝ።»

«ደግ» አለች ማሚቴ። «ለሕፃን መጠንቀቅ ደግ ነው።»

ገብታ የታዘዘውን ማስቀመጫ በጋዜጣ ጠቀለለችው። ይዛው ወጣች። ሴትዮዋ ልትቀበላት ሁለት እጇን ዘረጋች። ማሚቴ ግን አላቀበለቻትም። ጎንበስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችላትና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ልጅ ሆና ገበያ ስትወጣ፣ ገዢዎች እናቷን «አስቀምጪው» ይሏት ነበር፤ ከእጇ አይቀበሉም። ሴትዮዋ ይህን አታውቅም። ግራ ገብቷት ዕቃውን አነሳች፣ አመስግና ሄደች።

ሐመልማል ስትመለስ እናቷ ጉቶው ላይ ተቀምጣ ነበር። የሥራ ጉቶዋ ነው፤ ማንም እንዲቀመጥበት አትፈቅድም ነበር።

«ዓለሜ ማናት?» አለቻት።

ሐመልማል የያዘችው ዘንቢል ከእጇ ወረደ። መጀመሪያ «የያዕቆብ ጓደኛ ናት» አለች። ቀጥላ «ለማስታወቂያ ብቻ ነው» አለች። እናቷ ትክ ብላ ስታያት ጊዜ ሁሉንም ነገረቻት፦ ቪዲዮውን፣ ስድቡን፣ ኮከቡን፣ ቁስቋምን።

«ማታ ማታ የምታነቢልኝስ?»

ሐመልማል አንገቷን ደፋች።

«እሱም የለም?»

«መጀመሪያ የነበረው እውነት ነው እማ። እጅዎ ይባረክ ያለው እውነት ነው። የኋላ የኋላው ነው እኔ...» አለች። «እንዳትሰሚው ብዬ ነው። እንዳይሰድቡሽ ብዬ ነው።»

«ስድቡንማ አንቺ ሳትወለጂ አውቀዋለሁ» አለች ማሚቴ። አልጮኸችም። «ሰው ሲሰድበኝ እጄ ከኔ ጋር ነበር። ቡዳ ይበሉኝ፣ ድስቱን ግን ማሚቴ ሠራችው ነው የሚሉት። አንቺ እጄን ነው ቆርጠሽ የሰጠሻት።»

«እማ፣ እንደሱ አትበዪ!»

«ምን ልበል ታዲያ?»

ሐመልማል እግሯ ሥር ተንበርክካ ጉልበቷን ያዘች። ማሚቴ አልገፋቻትም፤ አላቀፈቻትምም። ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ «ከማን ተማረችው እላለሁ፤ ከኔ ነው» አለች። «የወላጆች ቀን እቤት ተደብቄ እውል ነበር። አክስትሽን ልኬ፣ እዚህ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። ልጄ በኔ እንዳታፍር ብዬ እኮ ነው። አስተምሬሻለሁ ለካ።»

በማግስቱ ማሚቴ ወደ ጭቃዋ አልሄደችም። ነጠላዋን ለብሳ ደሳለች ግቢ ሄደችና እዚያ ዋለች። በማግስቱም እንዲሁ። ደሳለች አንድም ነገር ሳትጠይቅ ጭቃ አቀረበችላት። ማሚቴ ለሰፈሩ ሰው ድስት ትሠራ ጀመር፤ ሴቶቹ ሲያቃጥሉ አብራ ትቀመጣለች። ማታ ትመጣለች፣ ከልጇ ጋር እራት ትበላለች፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ዝናቡ ታወራለች። ስለ ሸክላ ግን በቤቱ ውስጥ ተነስቶ አያውቅም።

ሐመልማል ነገሩን ልታቃናው ሞከረች። ብቻዋን ስልኩ ፊት ተቀምጣ እውነቱን ተናገረች፦ ሸክላውን የሠራችው እናቴ ማሚቴ ናት፣ የቀጨኔ ልጅ ናት፣ እኔ ደብቄያታለሁ አለች። የእናቷን የድሮ ቪዲዮዎች መለሰች፤ የገጹንም ስም ቀየረች። ሰው አለቀሰላት። ልብ ላኩላት፣ ጎሽ አሏት፣ ቪዲዮውን ተቀባበሉት። ዕቃ ያዘዘ ግን እምብዛም አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ከእልፍኝ «የሻጭ መረጃ ባለመጣጣሙ ገጽዎ ለጊዜው ታግዷል» የሚል መጣ። ስትዋሽ ያልጠየቃት፣ እውነቱን ስትናገር ጠየቃት። እገዳው ሲነሳ ገጹን የሚፈልግ ሰው አልነበረም፤ ምክሩ ብቻ እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ይመጣል።

ያዕቆብ ከዓለሜ ጋር ሌላ ገጽ ከፈተ። ሰው የለመደው የሷን ፊት ነው፤ ዕቃውን ከየትም ገዝተው ቀለም እየቀቡ ይሸጣሉ፣ ሥራውም ጥሩ ነው ይባላል። ዓለሜ አንድ ቀን መጥታ ማሚቴን ደሳለች ግቢ አገኘቻት። ማሚቴ አገላብጣ ሳመቻት። «አንቺ ምን አደረግሽ? የእንጀራ ነገር ነው» አለቻት። ዓለሜ ወጥታ ዳገቱን እያለቀሰች ስትወርድ ሐመልማል አይታታለች።

ክረምቱ ሲገባ ማሚቴን ቁርጥማቱ ጣቶቿ ላይ ጠናባት። ሐመልማል ሆስፒታል ወስዳ አሳየቻት፤ ጭቃውንና ቀዝቃዛውን ውኃ ተዪ ተባለች። ሐመልማል አንድ እሁድ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ፣ ቃላቱን ብዙ ጊዜ አዘጋጅታ ስለነበር ባንድ ትንፋሽ «እማ፣ ሥራውን አስተምሪኝ» አለቻት።

ማሚቴ ቆመች። የልጇን እጅ ያዘችና መዳፉን ዘርግታ አየችው።

«ልጅ ሆነሽ ስትመጪ የመለስኩሽ እኔ ነኝ» አለች። «አሁን በምን እጄ ላሳይሽ? ጣቴ አይታጠፍልኝም።»

«በአፍሽ ንገሪኝ።»

«በአፍ አይነገርም ልጄ።»

ሐመልማል ደሳለችን እንድታስተምራት ጠየቀቻት። ደሳለችም በደስታ ተቀበለቻት። ሐመልማል ጥቂት ቀን ሄደች። ጭቃው በእጇ ሥር እየተንሸራተተ ይወድቅ ነበር። ማሚቴ ግቢው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትመለከታለች፤ አልነቀፈቻትም፣ ቃልም አልተናገረች። ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ሐመልማል አዲሱ ገበያ አንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ሆና ስትቀጠር ያም ቀረ።

በመስከረም፣ ምሳ እየበሉ ሳለ የሐመልማል ስልክ ጮኸ። ገጹን ፈጽማ አልዘጋችውም ነበር። የጻፈችው አንዲት የማታውቃት ሴት ናት። የድሮውን ቪዲዮ አይቻለሁ፣ አያቴ እንዲህ ያለ ድስት ነበራቸው፣ የማሚቴን ድስት እፈልጋለሁ፣ የፈለገውን ያህል ቢቆይ እጠብቃለሁ ትላለች። ሐመልማል አነበበችላት። እየፈጠረች እንዳልሆነ እንድታምናት ስልኩን አዙራ አሳየቻት፤ ማሚቴ ግን ያለ መነጽር ማንበብ አትችልም፣ መነጽሯንም አላነሳችም።

«እውነት ነው እማ። ስምሽን ጠርታ ነው የጻፈችው።»

«አምኜሻለሁ።»

«ምን ልበላት?»

ማሚቴ ጉርሻዋን በደንብ እስክትውጥ ቆየች። ጣቶቿ ሳህኑ ጠርዝ ላይ እንደ ተጨበጡ ናቸው።

«የለችም በያት» አለች። «ደግ ሰው ትመስላለች፣ አታስጠብቂያት።»

ሐመልማል ስልኩን አንስታ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ እናቷ ውኃ ቀዳችላት፤ ጣቶቿ ስለማይታጠፉላት ብርጭቆውን በሁለት መዳፏ አቅፋ አቀበለቻት። ሐመልማል ተቀበለቻት። ምሳቸውን ጨረሱ።